ጠበቃና ሰላይ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ሲገናኙ ለምን እንቅልፍ ይነሱናል?

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም፣ ከአንድ የሂሳብ መምህር ነው፣ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሌላ ልብወለድ ስጀምር ሀምሳ ገጽ ሳልደርስ አስቀምጠዋለሁ። አንድ ጀማሪ ጠበቃ ሳያስበው የስለላ ጉዳይ ውስጥ የሚዘፈቅበት አይነት ፈጣን መጽሐፍ ከያዝኩ ግን ዶሮ ሲጮህ ነው የምተኛው። ባለቤቴ በዚህ ሰአት ፈተና ብታርም ይሻልህ ነበር ትለኛለች። ምኑ ነው እንዲህ የሚይዘኝ፣ ጥበብ አለው ወይስ ተራ ሱስ ነው? እኔም አንድ ጀምሬያለሁ፣ ታሪኩ ደብረ ማርቆስ ላይ ነው፣ የችሎቱ ምዕራፍ ላይ ዳኛው በመዶሻ ይመታሉ፣ ጠበቃው ‹ተቃውሞ አለኝ!› እያለ ይነሳል፣ አስራ ሁለት ሰዎች ተሰብስበው ይፈርዳሉ፣ ጓደኛዬ ግን ጀምሮ አልጨረሰውም።»

መምህር፣ ጋሼ ካልከኝ አይቀር አንተ እያልኩ ልቀጥል። መጀመሪያ አቃቤ ህግ፣ ኋላ ጠበቃ ሆኜ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ነው የሰራሁት፣ ደራሲ ወዳጆቼም ችሎት ያለበት ነገር ሲጽፉ «እስቲ ህጉን እይልኝ» እያሉ ረቂቅ ይልኩልኛል፣ ስለዚህ ጥያቄህ በሁለት በኩል የኔ ስራ ነው።

ብዙ ሰው ፍጥነቱ ነው የሚይዘኝ ይላል። መኪና ሲሯሯጥ፣ ሽጉጥ ሲመዘዝ፣ ምዕራፉ አራት ገጽ ሳይሞላ ሲያልቅ። እኔ አይመስለኝም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሮጥና አስረኛው ገጽ ላይ የሚሰለች መጽሐፍ ስንት አለ እኮ። የህግና የስለላ ታሪክ አንድ ላይ ሲሆን የሚይዝህ፣ ሁለት አለሞች አንድ ሰው ላይ ስለሚወድቁ ነው። ሰላዩ ያውቃል ግን ማስረዳት አይችልም፣ ከማን እንደሰማው ከተናገረ የነገረው ሰው አለቀለት። ፍርድ ቤቱ ደሞ ካላስረዳህ ብታውቅም እንዳላወቅህ ነው የሚቆጥርህ፣ ምስክሩ በአካል ይቅረብ፣ ስሙን ይናገር፣ ይማል፣ ተቃራኒው ወገን በሚያቀርብለት መስቀለኛ ጥያቄ ይፈተን ይላል። መረጃ ያለው ማስረጃ የለውም፣ ማስረጃ የሚፈልገው መረጃው ጋ መድረስ አይችልም። ጀማሪው ጠበቃ እዚህ መሀል ነው የሚገባው፣ አንተም አብረኸው። ደራሲው ምዕራፍ ሁለት ላይ እውነቱን አሳይቶሃል፣ ገዳዩን ታውቀዋለህ፣ ግን ዳኛ ፊት የሚቀርብ አንድ ወረቀት የለም፣ እና ገጹን የምትገልጠው «ማን አደረገው» ብለህ ሳይሆን «አሁን ይሄ ልጅ ይሄን ነገር በምን ያስረዳዋል» ብለህ ነው። ይሄኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው በጣም ይከብዳል፣ ለዛ ነው እንቅልፍ የሚነሳው።

ይሄ የደራሲ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስልህ። በፈረንጆቹ 1953 ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ጋዜጣ የሚያድል ልጅ ከደንበኛ የተቀበላት የአምስት ሳንቲም ኒኬል ከእጁ ወድቃ ለሁለት ትሰነጠቃለች። ውስጧ ክፍት ነው፣ የቁጥር መአት የተደረደረበት ጥፍር የምታህል ፎቶ ተሸጉጣበታለች። ኤፍቢአይ እጅ ገባች፣ ግን ቁጥሮቹን የሚፈታ ጠፋ። በ1957 ሬይኖ ሃይሃነን የሚባል የሶቪየት ሰላይ ፓሪስ ላይ ለአሜሪካኖች እጁን እስኪሰጥ ድረስ ማለት ነው፣ እሱ ሲመጣ ነው ምስጢሩ የተፈታው፣ አለቃውንም የጠቆመው እሱ ነው፣ ሩዶልፍ አቤል በሚል ስም የሚታወቀውን።

እስከዚህ ድረስ ስለላ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ለኔ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሰውየውን በወንጀል የመያዣ ትእዛዝ ሳይሆን በኢሚግሬሽን መስሪያ ቤት የአስተዳደር ማዘዣ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ያዙት፣ ክፍሉን ፈተሹ፣ የስለላ እቃ ተገኘ። ጄምስ ዶኖቫን የሚባል ጠበቃ ተመደበለት፣ በዛ ዘመን የሶቪየት ሰላይ ጠበቃ መሆን ምን ማለት እንደሆነ አስበው፣ እና ዶኖቫን የተከራከረው ደንበኛዬ ሰላይ አይደለም ብሎ አይደለም፣ ይሄ ፍተሻ በትክክለኛው ማዘዣ አልተደረገም ብሎ ነው። እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ወሰደው። በ1960 5 ለ4 ተሸነፈ። አንድ ዳኛ ብቻ ሀሳቡን ቢቀይር ኖሮ ከሆቴሉ የተገኘው ሁሉ ከመዝገብ ሊወጣ ነበር! ቅጣቱ ላይም ያነሳው ነገር ይገርማል፣ አትግደሉት፣ ነገ የኛ ሰው እነሱ እጅ ቢወድቅ መለዋወጫ ይሆነናል አለ፣ ሰላሳ አመት ተፈረደበት፣ ከዛ በ1962 በርሊን አጠገብ ግሊኒከ ድልድይ ላይ ጋሪ ፓወርስ በሚባለው አሜሪካዊ ፓይለት ተለወጠ። አየህ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ የመኪና ሩጫ የለም፣ ልብ የሚያንጠለጥለው አንዲት የማዘዣ ወረቀት የትኛው ቢሮ ፈረማት የሚለው ነው።

የተገላቢጦሹን ካየህ ደሞ ፈረንሳይ አለልህ። በፈረንጆቹ 1894 ካፒቴን ድሬይፉስ የሚባል የጦር መኮንናቸውን በስለላ ሲከሱት ለወታደራዊ ዳኞቹ ተከሳሹም ጠበቃውም ያላዩት ሚስጥራዊ ፋይል ተሰጣቸው። ሰውየው ዴቪልስ አይላንድ የሚባል የእስረኞች ደሴት ላይ ተጣለ፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ የተባለው በ1906 ነው። እዚህ ጋ መረጃ የማስረጃ ካባ ደርቦ በጓሮ በር ችሎት ገባ ማለት ነው። ጥሩ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይሄን ፍርሀት ያውቀዋል፣ አንባቢው የሚፈራው ገዳዩን ብቻ አይደለም፣ አንብብ ያልተባልከውን ወረቀት አንብቦ የሚፈርድብህን ሰው ጭምር ነው።

ሶስተኛም አለ፣ ባጭሩ ልንካው። ተከሳሹ ራሱ የመንግስት ሚስጥር የሚያውቅ ሰው ሲሆን «ከከሰሳችሁኝ ችሎት ላይ ሁሉንም አወጣዋለሁ» ይላል፣ መንግስት ደሞ ሚስጥሩ ከሚወጣ ክሱ ይቅር ይላል። አሜሪካኖች ይሄ ስላስቸገራቸው በፈረንጆቹ 1980 ሚስጥራዊ ሰነድ ችሎት ላይ እንዴት እንደሚያዝ ለብቻው ህግ አወጡ። አንድ ልብወለድ ሙሉ ከዚህ ይወጣል፣ ሰርቀህ ጻፈው፣ ህግ የኮፒራይት ባለቤት የለውም።

አሁን ፍጥነት ወዳልከው ልምጣ። ፍጥነት ከሩጫ ሳይሆን ከቀጠሮ ነው የሚመጣው። አንተ ሂሳብ አስተማሪ ነህ፣ የሚጠብ ጊዜ ምን ያህል ጭንቅ እንደሚፈጥር ፈተና ክፍል ውስጥ ታየዋለህ። ህግ ደሞ የተሰራው ከቀጠሮ ነው። የኛ ህገ መንግስት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰአት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ ግን ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም። ይቺን ሁለተኛዋን ነገር ደራሲዎች ሁሉ ይዘሏታል፣ እኔ ግን ሳነባት ልብወለድ ነው የሚታየኝ። ሰውየው አባይ ቆላ ውስጥ ተያዘ በል፣ መኪና የማይገባበት፣ ዳገቱን በእግር ነው የሚወጣው፣ ጠበቃው ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብሎ ሰአት ይቆጥራል፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ነን ይላል፣ እውነት መንገድ ላይ ናቸው ወይስ የሆነ ቤት ውስጥ አስቀምጠው እየጠየቁት ነው? ማን ያውቃል? ከዛ ችሎት ቀረበ፣ መርማሪው ምርመራዬን እስክጨርስ ታስሮ ይቆይልኝ ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ በኛ አቆጣጠር በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርአት ህግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም፣ ዳኛው ሰባት ቢሰጡ ጠበቃው ያለው ሰባት ቀን ነው፣ በዛ ውስጥ ምስክሩን ካላገኘ... ይኸው፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ ገጹን እየገለጥክ ነው። ሰአቱን የፈጠረው ደራሲው ቢሆን አታምነውም ነበር፣ ህጉ ስለፈጠረው ግን ታምነዋለህ።

ሌላው ደሞ የጠበቃው አፍ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ህግ በሙያው ያወቀውን ሚስጥር ያወጣ ጠበቃ ይቀጣል። በሌላ በኩል አንዳንድ ከባድ ወንጀሎችን እያወቁ ዝም ማለት ራሱ የሚያስጠይቅበት አለ። ደንበኛው የእስር ቤቱ ጥየቃ ቦታ ላይ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሹክ ቢለው ልጁ ምን ያደርጋል? ሰላይም እኮ እንደዚሁ ነው፣ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ምን ሰራሁ ሊላት አይችልም። ሁለቱን ሙያ አንድ መጽሐፍ ውስጥ የሚያስቀምጣቸው ይሄ ይመስለኛል፣ ሁለቱም የሚከፈላቸው ዝም ለማለት ነው፣ ሁለቱም የሚታመኑት በሚያውቁት ልክ ሳይሆን ባልተናገሩት ልክ ነው።

ለምን እኛን፣ የጎጃም ሰው የሆንን ሰዎች በተለየ ይይዘናል ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ (አልጠየቅከኝም ግን ልመልስልህ) እኔ አዎ ነው የምለው። ችሎት ለኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሉ፣ ማርና በቅሎ ተወራርደው በግጥም ሲሟገቱ፣ ሰዉ ስራ ፈቶ ዛፍ ስር ቆሞ ያዳምጥ ነበር፣ የተረታውን ከረቺው እኩል ያስታውሱታል። የርስት ክርክር የሌለበት ቤት ፈልግ እስቲ! ሽማግሌ ሁሉ «መሬቱ የማን እንደሆነ አገር ያውቃል፣ ግን ምስክር ሞቶብኝ» ሲል ሰምተን ነው ያደግነው፣ ማወቅና ማስረዳት የተለያዩ መሆናቸውን ከመጽሐፍ አልተማርነውም። ድሮ ደሞ ከሳሽና ተከሳሽ በኩታ ጫፍ ተቋጥረው ቁራኛ ሆነው ዳኛ ወዳለበት አገር ይሄዱ ነበር፣ የሚያሳድደውና የሚሳደደው አንድ ገመድ ላይ፣ አብረው እየበሉ፣ አብረው እያደሩ። ይሄን ትዕይንት የትኛው የሆሊውድ ሰው አሰበው?

ስለላውም ሩቅ አገር አይደለም። በኛ አቆጣጠር በ1924 ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር ሲያመልጡ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ እጃቸው አለበት ተብለው ችሎት ቀርበው ሞት ተፈርዶባቸው ነበር፣ በኋላ ነው ወደ እስራት የተለወጠው። ሴራ፣ ማምለጥ፣ ችሎት፣ ፍርድ፣ ሁሉም አለበት። በ1933 ደሞ ዊንጌት የሚባለው የእንግሊዝ መኮንን ሁለት ሺህ እንኳን የማይሞላ የጊዲዮን ጦር የተባለ ሰራዊት ከአርበኞቻችን ጋር ይዞ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን የጣሊያን ጦር በወሬና በማታለል ጭምር ነው ያንቀጠቀጠው፣ የጣሊያኑ አዛዥ የመጣበት ጦር ከእውነቱ እጅግ የበዛ መስሎት የካቲት ላይ ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ። ያንተ ከተማ ፍኖተ ሰላም ያለችው እኮ በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ተማሪዎችህን ይዘህ መንገዱን አሳያቸው።

ተራ ሱስ ነው ወይ ላልከው፣ ግማሹ አዎ ነው፣ አልዋሽህም። አብዛኛው ደካማ ነው። ሴቷ ወጥመድ ለመሆን ብቻ የምትገባበት፣ የውጭ አገር ሰው ሁሉ ክፉ የሆነበት፣ ጠበቃው ሶስት ቀን ሙሉ ሳይተኛ ሲደበደብ ከርሞ ችሎት ላይ እንደ ሊቅ የሚናገርበት፣ ጠዋት ስትነሳ ስሙንም የምትረሳው ነው። የምትረሳው ደሞ ጥያቄው አንድ ብቻ ስለነበር ነው፣ ያመልጣል ወይስ አያመልጥም፣ አመለጠ፣ አለቀ። የማይረሳው አይነት ግን መጨረሻው ላይ ፍርዱ ተነቦም ውስጥህ የሚከራከርብህ ነው። ዶኖቫን ያደረገው ትክክል ነበር? ሰላይን ያን ያህል መከላከል አገርን መክዳት ነው ወይስ አገርን ማክበር? ይሄን ጥያቄ ይዞህ የሚያድር ከሆነ ለባለቤትህ ንገራት፣ ፈተናውን ግን ቅዳሜ አርም፣ እሷም እውነቷን ነው።

ወደ ረቂቅህ። ጓደኛህ አልጨረሰውም ማለት ችሎት ይሰለቻል ማለት አይደለም፣ የጻፍከው የሌላ አገር ችሎት ስለሆነ ነው። አስራ ሁለቱን ሰዎች አስወጣቸው፣ እኛ ጋ ዳኛ ነው የሚፈርደው፣ ሶስት ዳኞች በሚሰየሙበት ችሎት አንዱ በሀሳብ ሊለይ ይችላል፣ እሱ ራሱ ለልብወለድ ወርቅ ነው፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ፍርዱ ከተነበበ በኋላ የሀሳብ ልዩነቱ ይነበባል፣ አስበው። መዶሻውንም ተወው፣ እኔ በኖርኩበት ችሎት ዳኛ በመዶሻ ሲመታ አላየሁም፣ ቀና ብለው ዝም ብለው ሲያዩህ ነው የምትፈራው። «ተቃውሞ አለኝ» እያሉ መዝለልም የለም፣ ጠበቃው ብድግ ይላል፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጥያቄው መሪ ነው» ይላል፣ መልሱን ለምስክሩ የሚያቀብል ነው ማለቱ ነው፣ ያውም ምስክሩን ያመጣው ወገን በሚጠይቀው ዋና ጥያቄ ላይ ከሆነ ነው፣ በመስቀለኛ ጥያቄ መሪ ጥያቄ ይፈቀዳል።

በነገርህ ላይ አንተ ያላየኸው ትልቁ ሀብት ዝግታው ነው። ብዙ ችሎት ላይ የምስክርን ቃል ዳኛው በእጃቸው ሲጽፉት ነው የኖርነው፣ አሁን መቅረጫ የገባባቸው አሉ። ጠበቃው ምስክሩን አጣብቆ ይይዘዋል፣ አንዲት ጥያቄ ቀረችው፣ ዳኛው «ቆይ ልጻፈው» ይላሉ፣ እስክሪብቶው ሲንቋቋ ምስክሩ ያስባል፣ ውሸቱን ያስተካክላል፣ ጠበቃው ያየዋል፣ ምንም ማድረግ አይችልም። ይሄን ከጻፍክልኝ መኪና ማሯሯጥ አያስፈልግህም።

መሀሉንም ህጉ ሰርቶልሃል። የአቃቤ ህግ ምስክሮች ተሰምተው ሲያልቁ ፍርድ ቤቱ ብይን ይሰጣል፣ በቂ ማስረጃ የለም ካለ ተከሳሹ በነጻ ይሰናበታል፣ አለ ካለ ይከላከል ይባላል። እስከዛ ድረስ አንባቢው ይለቀቃል ብሎ ነው የሚያስበው፣ አንተም እንዲያስብ አድርገው። «ይከላከል» ሲባል መጽሐፍህ መሀል ላይ ናት፣ ከዛ በኋላ ጠበቃው የግድ ያንን የተደበቀውን ምስክር ማምጣት አለበት፣ ምስክሩ ደሞ የሰላዩ ምንጭ ነው፣ ከቀረበ ይጋለጣል፣ ካልቀረበ ንጹህ ሰው ይታሰራል። አንዱን ይምረጥ፣ ቀላል መውጫ አትስጠው፣ በተለይ ዝናብ መጥቶ መንገድ ተዘጋ ብለህ እንዳታመልጥብኝ፣ ደራሲ የሚሸነፈው እዛ ጋ ነው።

ሰላይህ ደሞ ባለ ጥቁር መነጽር እንዳይሆን። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ማን ነው ብለህ ራስህን ጠይቅ። እኔ ብሆን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፈውን ራፖር ጸሐፊ ነው የምመርጠው። ማን ማንን እንደከሰሰ፣ ማን ከማን መሬት እንደወሰደ፣ የማን ልጅ የት እንደጠፋ ሁሉም ሰው ጠጋ ብሎ የሚነግረው ለሱ ነው፣ ሰዉ ለሚስቱ ያልነገረውን ለሱ ያስጽፋል፣ እንደ ጠበቃ በሙያ ሚስጥር የታሰረ ሰው መሆን አለመሆኑንም ማንም ቆም ብሎ አይጠይቅም። ጀማሪው ጠበቃህ በየቀኑ ሰላም እያለው የሚያልፍ ሰው ይሁን፣ የመጀመሪያውን ማመልከቻ የጻፈለትም እሱ ይሁን። ምዕራፍ አንድ ላይ አስቀምጠው፣ ምን እንደሚሰራ ግን እስከ «ይከላከል» ድረስ አትንገረን፣ ከዛ ረቂቁን ላክልኝ፣ ህጉን አይልሃለሁ።